ሦስተኛው ቀን አያስደንግጣችሁ

የተከበራችሁ የዳበል አባቶችና እናቶች፣ ወጣቶች፣ የጤና ባልደረቦቼ፤ ሞያሌ ድረስ መልእክት ልካችሁ ስለጋበዛችሁኝ፣ ሥራችሁንም ጥላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ወንድማችን ንግግሬን ወደ ቦረንኛ ስለሚመልስልኝ ቆም ቆም እያልኩ ነው የምናገረው። ከቸኮልኩ እጃችሁን አንሡ፤ አልቀየምም።

ጥሪው ስለ ጥርስ ጤና በጠቅላላው እንድናገር ነበር። እኔ ግን ጠበብ አድርጌዋለሁ። ዛሬ የምናገረው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ፣ ሐኪሞች «ዊዝደም» የሚሉት፣ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ስለሚመጡ ሁለት ነገሮች ነው፦ ስለ ፊት እብጠትና ስለ አፍ አልከፈት ማለት። ጥርስ ስለ መፋቅማ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ተምረውት ይመጣሉ።

ይህን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ኬንያ፣ ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ያለ አንድ የዳበል ልጅ አጥንት ውስጥ የተቀበረ ጥርስ ቢያስቸግረው ሕክምናውን የሚያገኘው ሩቅ ሄዶ ነው። ወይ ወደ ማርሳቢት፣ ወይ ወደ ናይሮቢ ይሄዳል፤ ወዲያ ማዶ ዘመድ ያለው ደግሞ ድንበሩን ተሻግሮ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ይደርሳል። ቅርቡ ማርሳቢት እንኳ ከሞያሌ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐኪሙ ጥርሱን አውጥቶ፣ ድዱን ሰፍቶ፣ ወረቀት ላይ ጥቂት መስመር በእንግሊዝኛ ጽፎ ይሸኘዋል። ልጁ ጉንጩን በሻሽ ጠቅልሎ ቤት ይገባል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ እናቱ ናት። የዚህ ሕክምና ግማሹ የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልናገረው፤ ወደ ኋላም እደጋግመዋለሁ። እብጠቱ ቀጠሮ አለው። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ነው፤ በሁለተኛው ይጨምራል፤ ሁለተኛው አልፎ ሦስተኛው ሲገባ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ሳምንት ሲሞላው አብዛኛው ይጠፋል። ሦስተኛው ቀን ከሁሉ የከፋው ቀን ነው፤ ግን የሚጠበቅ ቀን ነው። እኔ ካየሁት ጉዳት ብዙው የመጣው ከቀዶው ሳይሆን በሦስተኛው ቀን ከመደንገጥ ነው። ደንግጠው ጉንጩን በጋለ ብረት ይተኩሱታል። ደንግጠው ከዱካ፣ ከሱቅ ማለቴ ነው፣ አሞክሲሲሊን ይገዛሉ። ደንግጠው አፉን በግድ ይፈለቅቃሉ፤ አለዚያም «እንዳትናገር፣ እንዳትነቃነቅ» ብለው አፉን ያዘጉታል።

አንደኛ፣ ስለ ጥርሱ ራሱ። ይህ ጥርስ የሚበቅለው ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። እዚህ አጠገብ ሂሎ በሚባለው ቦታ ወርቅ ፍለጋ ሲቆፍሩ የነበሩትን ልጆች ዕድሜ አስቡት፤ ልክ እሱ ነው። ሌሎቹ ጥርሶች ቀድመው ቦታውን ስለያዙት የኋለኛው ይጠበዋል። ይጋደማል፤ ግማሹ ድድ ውስጥ ይቀራል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ከአጥንት አይወጣም። ሁሉም ግን መነቀል አለበት ማለት አይደለም። እንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 የወጣው የመንግሥት የጤና መመሪያ፣ በሽታ የሌለበት የተቀበረ ጥርስ «ለማንኛውም» ተብሎ እንዳይወጣ መክሯል። የእኔም ሐሳብ ከዚያ አይርቅም፦ ካላስቸገረህ አትንካው። የሚወጣው ድዱ እየደጋገመ ሲመግል፣ ጥርሱ ሲበሰብስ ወይም ጎረቤቱን ሲያበላሽ ነው። 

ሁለተኛ፣ ፊት ለምን ያብጣል? የታችኛው መንጋጭላ አጥንት ወፍራም ነው። ሐኪሙ ድዱን ይቀድዳል፣ አጥንቱን በመሰርሰሪያ ይቦረቡራል፣ ጥርሱንም አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቦታ ቆርጦ ያወጣዋል። ሰውነት ወደተጎዳው ቦታ ደምና ፈሳሽ ይልካል፤ ጉንጭ የሚሞላው በዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጡ ያለው መግል አይደለም፤ ስለዚህ ማፍረጥ የለም፣ መብጣት የለም፣ መተኮስ የለም።

አፍ ለምን አይከፈትም? እስቲ ጥርሳችሁን ንከሱና ጉንጫችሁን ከኋላ በኩል ዳስሱ። ጠንከር ብሎ የሚነሣው አለ አይደል? እሱ የማኘክ ጡንቻ ነው። ከውስጥ በኩልም ጓደኛ አለው። ሁለቱም ከዚያ ጥርስ አጠገብ ናቸው፤ የማደንዘዣው መርፌም የሚገባው በዚያው አካባቢ ነው። ቀዶው ሲቆይ ደግሞ አፍ ተከፍቶ ብዙ ስለሚቆይ ይደክማሉ። ጡንቻው ተቆጥቶ ይኮማተራል፤ ሰውየውም ሕመሙን ፈርቶ አፉን ይሰበስባል። ይኼም እንደ እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቃል። ከእብጠቱ ግን ይዘገያል፤ አንድ ሳምንትም፣ ሁለት ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል።

ሦስተኛው ነጥቤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የሚመለከት ነው፤ እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ቀዝቃዛ ነገር ነው የሚያስፈልገው። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከውጭ በኩል ጉንጭ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ፣ ያንኑ ያህል ማሳረፍ፣ ሰውየው እስኪተኛ ድረስ እንደዚያ መደጋገም። በረዶ ያለ ጨርቅ ቆዳ ላይ አይደረግም፤ ቆዳ ያቆስላል። «ዳበል ላይ በረዶ ከየት ይመጣል?» ትሉኛላችሁ፤ እውነታችሁን ነው። ፍሪጅ ያለው ዱካ ግን ቀዝቃዛ የሶዳ ጠርሙስ አያጣም፤ በሻሽ ጠቅልሉት። እሱም ከጠፋ ንጹሕ ጨርቅ ውኃ ነክራችሁ ጨምቁና ንፋስ ላይ አራግቡት፤ ይቀዘቅዛል። ሲሞቅ እንደገና ንከሩት። ቅዝቃዜ እብጠቱን አያጠፋም፤ ያቀለዋል፣ ሕመሙንም ያደነዝዛል። ከዚህ በላይ ቃል አልገባላችሁም። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ቅዝቃዜ ብዙም አይጠቅምም።

ሲተኛ ጭንቅላቱ ከደረቱ ከፍ ይበል። ብርድ ልብስ አጣጥፋችሁ ከትራሱ ሥር አድርጉለት። አንገቱን ቀና አድርጎ የሚተኛ ሰው ጠዋት ሲነሣ እብጠቱ ቀለል ይልለታል። መንገዱንም አስቡበት። ከማርሳቢት ሞያሌ አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው አቧራና ጉድጓድ ግን የተሰፋ ድድ ላለው ሰው፣ ያውም በቦዳ ቦዳ ሞተር ሳይክል፣ ጥሩ አይደለም። ሞያሌ ዘመድ ያለው አንድ ሌሊት እዚያ ይደር።

ሐኪሙ ቁስሉ ላይ ያደረገውን ጎዝ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ነክሶ መያዝ ነው። በዚያን ቀን አይጉመጠመጥ፣ በኃይል አይትፋ፣ በስትሮው አይጠጣ፤ ሲጋራም አያጭስ። ጉድጓዱን የሚሸፍነው የረጋ ደም ነው። እሱ ከተነቀለ አጥንቱ ራቁቱን ይቀርና ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ወደ ጆሮ የሚወጣ፣ እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም ይመጣል። ይህ የራሱ ሕክምና አለው፤ ሐኪም ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ይሞላበታል። ከባድ ነገር ማንሳት፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ እንጨት መፍለጥም ለጥቂት ቀናት ይቅር፤ ደም ያስጀምራል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። እብጠቱንም ሕመሙንም የሚቀንሰው ኢቡፕሮፌን ነው፤ ብሩፈን የምትሉት። ለአዋቂ ብዙውን ጊዜ 400 ሚሊ ግራም ከምግብ በኋላ በየ8 ሰዓቱ ይታዘዛል። ከፓራሲታሞል ጋር ሲወሰድ ሁለቱ እየተረዳዱ የበለጠ ይሠራሉ። የመጀመሪያውን ክኒን ማደንዘዣው ሳይለቅ መውሰድ ነው፤ ሕመም ከተነሣ በኋላ ማስታገስ ያስቸግራል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት በሽታ ወይም አስም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ኢቡፕሮፌን ሐኪም ሳይጠይቁ አይውሰዱ። አስፕሪን ደም ስለሚያፈስ አይሆንም፤ ድድ ላይ መለጠፍማ ድዱን ያቃጥላል።

ድንበር ላይ ለምንኖር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንድ ዘመድ ከወዲህ ማዶ ብሩፈን ገዝቶ ይመጣል፤ ሌላው ከወዲያ ማዶ ዲክሎፌናክ ያመጣል። በሽተኛው የሁለቱንም ፍቅር ላለማሳዘን ሁለቱንም ይውጣል። ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አብረው ሲወሰዱ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ እንጂ ሕመሙ በእጥፍ አይቀንስም። አንዱን ምረጡ።

ለቀዶ የምትሄዱ ደግሞ ሐኪሙን ይህን ጠይቁት፦ «ለእብጠቱ ዴክሳሜታሶን ይሰጠኛል?» በቀዶው ሰዓት አንድ ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ እብጠቱንም አፍ አልከፈት ማለቱንም እንደሚቀንስ በደንብ ታውቋል። ስኳር ካለባችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ራሳችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ግን አትዋጡት።

አራተኛው፣ ያ ሦስተኛው ቀን። እናትየው ጠዋት ስትነሣ የልጇ ጉንጭ ከትናንቱ በልጦ ታያለች፤ አንድ ዓይኑ ጠበብ ብሏል፤ አፉ አንዲት ጣት አያስገባም። እህቴ፣ ተረጋጊ። ትኩሳት አለው? ምራቁን ይውጣል? ይተነፍሳል? ትኩሳት ከሌለው፣ ከዋጠና ከተነፈሰ ጫፍ ላይ ነው፤ ነገ ይወርዳል። ጠቆር ያለ ወይም ቢጫ የሚመስል ነገር ወደ አንገቱ ቢወርድም ደሙ ወደ ታች ሲሄድ ነው።

ከዚህ ቀን ጀምሮ ቀዝቃዛው ይቀርና ለብ ያለ ይተካል። ጨርቅ ሙቅ ውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ በክንዳችሁ ውስጠኛ ቆዳ ለክታችሁ፣ ጉንጩ ላይ 15 ደቂቃ ያህል። ክንዳችሁ ካልቻለው ጉንጩም አይችለውም። ከመጀመሪያው 24 ሰዓት በኋላ ደግሞ በጨው ውኃ መጉመጥመጥ ይጀመራል፦ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ከምግብ በኋላ፣ በቀስታ፣ አፍ ውስጥ አዘዋውሮ ማፍሰስ ብቻ። ጋዝ፣ ትምባሆ፣ ነጭ ሽንኩርት ቁስሉ ላይ አይደረግም።

አሞክሲሲሊን ለዚህ እብጠት አይሠራም። እሱ የሚገድለው ጀርም ነው፤ ይህ እብጠት ደግሞ የቀዶው ነው። ሐኪሙ ካዘዘው እስከ መጨረሻው ይወሰድ። ካላዘዘው ከዱካ ስድስት ፍሬ ገዝቶ መዋጥ ገንዘብ ማቃጠል ብቻ አይደለም፤ ሌላ ጊዜ መድኃኒቱ ሲያስፈልግ ጀርሙ ለምዶት ይጠብቃል።

አምስተኛው አፍን ማለማመድ ነው፤ በጣም የሚረሳው ይኼ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የጭነት መኪና ረዳት ከቀዶው አንድ ወር በኋላ መጣልኝ። ቁስሉ ድኗል፣ እብጠት የለም፤ አፉ ግን ሁለት ጣት እንኳ አያስገባም። አያቱ አፉን ዘግቶ እንዲቆይ አዝዘውት፣ እሱም አክብሯቸው፣ ወሩን ሙሉ በወተትና በሻይ ከርሟል። አያቱ በፍቅር ነው ያደረጉት። ጡንቻ ግን ካልተንቀሳቀሰ ያጥራል። ልጁ በየቀኑ እየተለማመደ ከሳምንታት በኋላ ተስተካከለ፤ በጊዜው ቢጀምር ኖሮ ግን ያን ያህል አይንገላታም ነበር።

አሁን ሁላችሁም እንሞክር። አመልካች፣ የመሐልና የቀለበት ጣታችሁን ደርድራችሁ ወደ ላይ አቁሟቸውና በፊት ጥርሶቻችሁ መካከል አስገቡ። ጤነኛ አፍ የራስን ሦስት ጣት ያስገባል። ይህ መለኪያችሁ ነው። ለቀዶ የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት ይለካ፤ በኋላም በየጠዋቱ ይለካ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጣት ቢሆን አይገርምም። ከዚያ ወዲህ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሊሰፋ ይገባል።

ልምምዱ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ይጀምራል። መጀመሪያ ለብ ያለውን ጨርቅ ያዙበት፤ ጡንቻው ይላላል። ከዚያ አፍ በዝግታ ይከፈት፤ ሲወጠር ይቁም፤ እስከ አሥር ተቆጥሮ ይዘጋ። አምስት ስድስት ጊዜ ይደጋገም፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ። አገጩንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅስ። በአራተኛው በአምስተኛው ቀን አውራ ጣቱን የላይኛው የፊት ጥርስ ላይ፣ አመልካች ጣቱን የታችኛው ላይ አድርጎ ራሱ በቀስታ ይግፋ። ራሱ ነው ያልኩት። አጎቱ አይደለም፣ ጓደኛው አይደለም፤ ማንኪያ ሰክቶ መፈልቀቅም የለም። መወጠር ይፈቀዳል፤ እንባ የሚያመጣ ሕመም ግን ጡንቻውን መልሶ ያስቆጣዋል። ስኳር የሌለው ማስቲካ ካገኘ ከሳምንት በኋላ በደህናው ጎን ማኘክም ይጠቅመዋል።

ማኘክ ካልኩ ምግቡን ላንሣ። ገንፎ፣ አጥሚት፣ ዑጂ፣ የተፈጨ ድንች፣ ሾርባ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ የግመል ወተት፤ ሁሉም መልካም ነው። ገንፎው ላይ በርበሬ ይቅር። ቆሎ አይሆንም። እንግዳ ሲመጣ በቅቤ የሚጠበሰው ቡና ቀላም፣ እምቢ ማለት ነውር እንደሆነ ባውቅም፣ ፍሬው አይታኘክ፤ ቅቤውን መቅመስ ይበቃል።

ጫቱስ፣ ሚራው? ወጣቶች ስትስቁ አይቻለሁ። ሚራ የሚቅም ሰው ሰዓታት ሙሉ ያንኑ የተቆጣውን ጡንቻ ያሠራል፤ ቅጠሉ ቁስሉ ውስጥ ይገባል፤ አፍ ይደርቃል፤ ከሲጋራ ጋር ሲሆንማ የረጋውን ደም ያጣዋል። «በደህናው ጎን እይዛለሁ» የሚለውን ሰምቻለሁ፤ መንጋጭላ ግን አንድ ነው፤ ግራው ሲሠራ ቀኙ አያርፍም። ቢያንስ አንድ ሳምንት፤ ለሁለት ሳምንት የተወ ብልህ ነው።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፣ መፍራት ያለብን መቼ ነው? እብጠቱ ከሦስተኛው ቀን በኋላ መውረዱ ቀርቶ ከጨመረ፤ ወርዶ እንደገና ከተነሣ፤ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ካለፈ፤ መግል ወይም መጥፎ ጠረን ከመጣ፤ ጎዝ ተነክሶም ደም አልቆም ካለ፤ አፉ ከሳምንት በኋላ ከመስፋት ይልቅ እየጠበበ ከሄደ ሐኪም ይየው። ከአገጭ ሥር ያለው ሥጋ ከጠነከረ፣ ምላሱ ወደ ላይ ከተነሣ፣ ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከታፈነ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን እስኪነጋ አይጠበቅም። በዚያው ሌሊት መኪና ፈልጋችሁ ሞያሌ ሆስፒታል አድርሱት። ይህ ዓይነቱ እብጠት የአየር መተላለፊያውን ዘግቶ ይገድላል።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። አፍ አልከፈት ሲል ብዙ ሰው መንጋጋ ቆልፍ መሰለኝ ይላል። መንጋጋ ቆልፍ በቆሻሻ ቁስል የሚገባ ሌላ በሽታ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከቁስሉ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። አንገትና ጀርባ ይገተራል፤ ሰውነት በድንጋጤ ይንቀጠቀጣል። ከጥርስ ቀዶ በኋላ የሚመጣው ግን ጥርሱ በወጣበት ጎን ነው፣ ከእብጠቱ ጋር ነው፣ አንገትና ጀርባ አይነካም። አንገቱ ከተገተረ ወይም በምስማርና በአካፋ የቆሰለ ሰው አፉ ከተያዘ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል። ክትባት ያልጨረሰም ይከተብ።

የያዝኩት ይኼው ነው። አሁን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሦስት ጣት ለክተን ነበር፤ አፉ ሁለት ብቻ ያስገባ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ ከኋላ በኩል ሁለት ሦስት ልጆች ሲተያዩ አይቻለሁ። ወደ መኪናዬ ከመሄዴ በፊት ወደዚህ ጠረጴዛ ኑ፤ መብራትና ጓንት ይዣለሁ፤ ሁላችሁንም ሳላይ አልሄድም።